ስልክ የደወሉት ነርሶች፦ የልብ ሕሙማን ድባቴና ጭንቀት በሞንትሪያሉ ክትትል

በ1997 «ዘ ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት አንድ የምርምር ውጤት ወጣ። ጥናቱ የተደረገው በካናዳዋ ሞንትሪያል ሲሆን፣ የተሳተፉት ድንገተኛ የልብ ሕመም ወይም በተለምዶ ሃርት አታክ የምንለው ደርሶባቸው ከሆስፒታል የወጡ 1,376 ሰዎች ነበሩ። ከእነዚህ ለ692ቱ በየወሩ ስልክ ይደወልላቸዋል፤ የስሜት ጫና የበዛበት ሰው ሲገኝ ነርስ ቤቱ ድረስ ሄዳ ታግዘዋለች። የቀሩት 684ቱ የተለመደውን የሐኪም ክትትል ብቻ ያገኛሉ። የተደወለላቸው በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ከፍ እንደሚል ተስፋ ተደርጎ ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ግን በወንዶቹ ላይ አንዳችም ልዩነት አልታየም። በሴቶቹ በኩል ደግሞ ክትትል ከተደረገላቸው መካከል የሞቱት፣ ካልተደረገላቸው ጋር ሲነጻጸሩ እጥፍ ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም።

ከዚህ በታች ይህን ክትትል ከመነሻው ጀምሬ አቀርባለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ይህን ውጤት አንብቦ «እንግዲያው የልብ ሕመምተኛን ስሜት ባንነካካ ይሻላል» የሚል ሰው ጉዳዩን በግማሽ ብቻ ነው ያነበበው። ሕመምተኛው መጨነቁን ጠይቆ ማወቅ አንድ ሥራ ነው፤ ጭንቀቱን ማቅለል ሌላ ሥራ ነው። የመጀመሪያው ሲሠራ ሁለተኛውም አብሮ የተሠራ ይመስለናል፤ ሞንትሪያል የሆነውም በአብዛኛው ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ።

ድባቴው ለምን አይታይም

የልብ ሕመምተኛ በተኛበት ክፍል ድባቴን ለይቶ ማወቅ ቀላል አይደለም። ድካም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የምግብ ፍላጎት መዘጋት፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል የድባቴ ምልክቶች ናቸው። ልቡ የተጎዳ፣ ብዙ መድኃኒት የሚወስድ፣ ሌሊቱን የማሽን ድምፅ ሲቀሰቅሰው የሚያድር ሰውም እነዚህኑ ነገሮች ያያል። ስለዚህ ሐኪሙ «ይህን ያህል ነገር ደርሶበት ቢከፋው ምን ይገርማል» ብሎ ያልፋል። ቤተሰቡም እንደዚያው ያስባል፤ ሕመምተኛው ራሱም ጭምር።

በእርግጥ ከእንዲህ ያለ ሕመም በኋላ ማዘንና መፍራት ያለ ነገር ነው፤ ብዙዎቹን በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይለቃቸዋል። ልብ ሊባል የሚገባው ሳይለቅ ሲቀር ነው። ቀድሞ ደስ ይለው የነበረ ነገር ሁሉ ጣዕም ያጣበት፣ ጠያቂ ሲመጣ ፊቱን ወደ ግድግዳ የሚያዞር፣ «ለሰው ሸክም ሆንኩ» ማለት ያበዛ፣ ስለ ነገ ማሰብ የተወ ሰው፣ ይህ ነገር ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል፣ በየቀኑም ማለት ይቻላል፣ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከዘለቀበት፣ «ልቡ ስለታመመ ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም። ድካሙና እንቅልፉ ግራ ሲያጋቡ፣ ከሁሉ የበለጠ የሚለዩት የደስታ መጥፋት፣ የጥፋተኝነት ስሜትና የተስፋ መቁረጥ ናቸው።

የጭንቀቱ ነገር ደግሞ ይበልጥ የተወሳሰበ ነው። ብርቱ ጭንቀት ልብን በኃይል ያስመታል፣ ደረትን ይጫናል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ያልባል፣ «አሁን መሞቴ ነው» ያሰኛል። ከሞት አፋፍ የተመለሰ ሰው እነዚህ ሲሰሙት የቱ ከልቡ፣ የቱ ከፍርሃቱ እንደመጣ የሚለይበት መንገድ የለውም። አንዱ በትንሽ በትልቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሮጣል። ሌላው ደረጃ መውጣት፣ በእግሩ መሄድ፣ ከትዳር ጓደኛው ጋር መተኛት ሳይቀር እርግፍ አድርጎ ይተዋል። (አዲስ የደረት ሕመም ሲመጣ ምንጊዜም መጀመሪያ እንደ ልብ ችግር መታየት አለበት፤ «ጭንቀት ነው» የሚባለው ተመርምሮ ልብ አለመሆኑ ከታወቀ በኋላ ብቻ ነው።)

የሞንትሪያሉ ሥራ መነሻ

ናንሲ ፍሬዠር-ስሚዝ የምትባል ተመራማሪ በሞንትሪያል በ1980ዎቹ ከባልደረቦቿ ጋር የመጀመሪያውን ሙከራ አድርጋ ነበር። በዚያ ሙከራ የተሳተፉት ወንዶች ብቻ ናቸው። በየወሩ ስልክ ይደወልላቸዋል፤ የስሜት ጫናቸው ከፍ ያለባቸውን ነርስ ትጎበኛለች። በ1985 የታተመው ውጤት በፕሮግራሙ ዓመት በልብ ሕመም የሞቱት ሰዎች ቁጥር ካልተጎበኙት ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ያህል መቀነሱን ገለጸ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። በዚያ ዘመን ከድንገተኛ የልብ ሕመም በኋላ ሞትን በግማሽ የሚቀንስ መድኃኒት ቢገኝ ዓለም ሁሉ ያወራለት ነበር።

ቀጥሎ በ1993 ፍሬዠር-ስሚዝ ከአእምሮ ሐኪሙ ፍራንሷ ሌስፔራንስና ከልብ ሐኪሙ ማሪዮ ታላጂች ጋር ሌላ ጥናት አሳተመች። በሞንትሪያል የልብ ሕክምና ተቋም የተኙ 222 ሰዎች ሕመሙ ከደረሰባቸው ከ5 እስከ 15 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ቃለ መጠይቅ ተደረገላቸው። ከእነርሱ 35ቱ፣ ማለትም ከመቶ 16ቱ፣ የከባድ ድባቴን መስፈርት አሟልተው ተገኙ። በስድስት ወር ውስጥ 12 ሰዎች ሞቱ፤ የሁሉም ሞት ምክንያት ልብ ነበር። ድባቴ ያለባቸው ሰዎች የሞት አደጋ ከሌሎቹ አምስት እጥፍ በላይ ሆኖ ታየ። የልባቸው የጉዳት መጠንና ከዚያ በፊት ሌላ የልብ ሕመም የነበረባቸው መሆኑ በስሌቱ ውስጥ ከገባ በኋላ እንኳ ልዩነቱ ከአራት እጥፍ በላይ ሆኖ ቀረ። የልብ ሐኪሞች በየቀኑ የሚለኩት የልብ ድካም ደረጃ ከሚናገረው የማይተናነስ አደጋ፣ ማንም በማይለካው ነገር ውስጥ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። 12 ሞት ትንሽ ቁጥር መሆኑ እውነት ነው፤ ከዚያ በኋላ በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ብዙ ጥናቶች ግን፣ እጥፉ ዝቅ ቢልም፣ አቅጣጫውን አረጋግጠውታል። የአሜሪካ የልብ ማኅበርም በ2014 ድባቴ ከድንገተኛ የልብ ሕመም በኋላ ለክፉ ውጤት የሚዳርግ አንድ አደጋ ሆኖ በይፋ እንዲመዘገብ የሚጠይቅ መግለጫ አውጥቷል።

ድባቴ ልብን በምን መንገድ ይጎዳል ለሚለው መልሱ አንድ አይደለም። የተደበተ ሰው መድኃኒቱን ይዘላል፣ ሲጋራ ማቆም ያቅተዋል፣ ወደ ልብ ተሃድሶ ፕሮግራም መሄድ ያቆማል፤ ይህ ብቻውን ከአደጋው ብዙውን ሊያስረዳ ይችላል። በሰውነት ውስጥም የሚታዩ ለውጦች አሉ፦ የልብ ምት እንደየሁኔታው ፈጠን ቀስ የማለት ችሎታው ይቀንሳል፣ ደምን ለማርጋት የሚሰባሰቡት ፕሌትሌቶች በቀላሉ ይቆጣሉ፣ በደም ውስጥ የብግነት ምልክቶች ይጨምራሉ። በተጨማሪም ልቡ ይበልጥ የተጎዳ ሰው ይበልጥ ሊደበት ስለሚችል፣ ከታየው ዝምድና የተወሰነው በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሄድ ይሆናል።

እንግዲህ ሁለቱ ግኝቶች ሲደመሩ፣ ስሜትን መርዳት ሞትን ይቀንሳል የሚለው ተስፋ ምክንያት ነበረው። የቀረው ሙከራውን በትልቁ፣ ሴቶችንም ጨምሮ መድገም ነበር። ኤም-ሃርት ተብሎ የሚታወቀው ክትትል የተወለደው ከዚህ ነው።

ክትትሉ እንዴት ይካሄድ ነበር

ተሳታፊዎቹ 903 ወንዶችና 473 ሴቶች ናቸው። ማን ወደየትኛው ቡድን እንደሚገባ የሚወሰነው በዕጣ ነው። በወሩ ስልክ ላይ የሚጠየቀው 20 ጥያቄዎች ያሉት አጠቃላይ የጤና መጠይቅ ነበር። ጥያቄዎቹ ስለ ደረት ሕመም ወይም ስለ መድኃኒት አያነሡም፤ በሐሳብ ብዛት እንቅልፍ ያጡ እንደሆነ፣ በሚሠሩት ነገር ላይ ልባቸውን ማሳረፍ ይችሉ እንደሆነ፣ ውጥረት አልለቃቸው ያለ እንደሆነ፣ ችግራቸውን ለመወጣት አቅም ያነሳቸው እንደሆነ ይጠይቃሉ። መልሱ ከወትሮው የባሰ ከሆነ አንድ ነጥብ ይያዛል። ከ20ው 5 ወይም ከዚያ በላይ ያገኘ፣ ወይም በመሃል ተመልሶ ሆስፒታል የገባ ሰው ስሙ ወደ ነርሷ ይተላለፋል።

ነርሷ ቤት ስትመጣ ቆይታዋ አንድ ሰዓት ያህል ነው። እስኪ ያንን ሰዓት ቀረብ ብለን እንመልከተው። ነርሷ በልብ ሕክምና ልምድ ያላት እንጂ በአእምሮ ሕክምና የሠለጠነች አይደለችም። ሕመምተኛዋ እየተጨነቀች ያለችው በምን እንደሆነ ትጠይቃለች፣ ታዳምጣለች። መድኃኒቷን እንዴት እንደምትወስድ ትመለከታለች፤ ምን ያህል መንቀሳቀስ እንደምትችል፣ የትኛው ምልክት እንደሚያስፈራና የትኛው እንደማያስፈራ ታስረዳለች። «አይዞሽ» ትላለች። አስፈላጊ ከመሰላት ወደ ልብ ሐኪሟ፣ ወደ ማኅበራዊ ሠራተኛ ወይም ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ትልካለች። ችግሩ አሁንም ካለ ሌላ ጉብኝት ይቀጠራል። ጉብኝቱ ለእያንዳንዱ ሰው እንደየፍላጎቱ የሚስተካከል እንጂ አስቀድሞ የተጻፈ፣ ደረጃ በደረጃ የሚሄድ የሥነ ልቦና ሕክምና አልነበረም።

ይህን ዝርዝር ያነበበ ማንኛውም ሰው «ይህ ማንን ይጎዳል?» ይላል። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነበው ያልኩት ይህንኑ ነው። ደግ፣ ልምድ ያላት፣ ጊዜ ያላት ነርስ ቤት ድረስ መጥታ የምታዳምጥበት አሠራር፣ አብዛኛው የልብ ሕመምተኛ በሕይወቱ ከሚያገኘው እንክብካቤ ሁሉ የላቀ ነው።

ቁጥሮቹ

ዓመቱ ሲያልቅ በወንዶቹ በኩል ክትትል ካገኙት በማናቸውም ምክንያት የሞቱት ከመቶ 3.1፣ ካላገኙትም ከመቶ 3.1 ነበሩ። በልብ ምክንያት የሞቱት 2.4 እና 2.5። ፍጹም እኩል ነው ማለት ይቻላል።

በሴቶቹ በኩል ክትትል ካገኙት በማናቸውም ምክንያት የሞቱት ከመቶ 10.3፣ ካላገኙት ከመቶ 5.4 ነበሩ። በልብ ምክንያት የሞቱት ደግሞ 9.4 እና 5.0። ይህን ቁጥር ስንመለከት መጠንቀቅ ያለብን ነገር አለ። በስታቲስቲክስ ስሌቱ፣ በሁለቱ ቡድኖች መካከል እውነተኛ ልዩነት ባይኖር እንኳ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የሰፋ ልዩነት እንዲሁ በአጋጣሚ የሚታይበት ዕድል ለአጠቃላይ ሞት ከመቶ 5.1፣ ለልብ ሞት ከመቶ 6.4 ነው። ተመራማሪዎች በልማድ ከሚያስቀምጡት የ5 ከመቶ መስመር ጥቂት ያልፋል። ስለዚህ «ፕሮግራሙ ሴቶችን ገደለ» ማለት አይቻልም። «ምንም አልሆነም» ብሎ ማለፍም አይቻልም፤ ሴቶቹና ወንዶቹ ለየብቻ እንዲታዩ የተወሰነው ውጤቱ ከመታወቁ በፊት ነበርና፣ ቁጥሩ ሲያስደነግጥ ተፈልጎ የተገኘ ልዩነት አይደለም።

ሦስተኛው ቁጥር ከሁለቱ ያነሰ ይወራለታል፤ ለእኔ ግን የጉዳዩ ቁልፍ እርሱ ነው። ፕሮግራሙ በሕይወት ባሉት ሰዎች ድባቴና ጭንቀት ላይ ያመጣው ለውጥ ጥቂት ነበር። ዓመቱን ሙሉ ተደውሎ፣ ቤት ድረስ ተሂዶ፣ ተደምጦ፣ ተመክሮ፣ ሰዎቹ ካልተጎበኙት ብዙም ባልተለየ ሁኔታ ተደብተው ነበር። ድባቴው ካልቀለለ ደግሞ ድባቴውን በማቅለል ይመጣል የተባለው ጥቅም ከየት ይመጣል?

ምን ሆኖ ይሆን?

ሴቶቹ ከወንዶቹ በዕድሜ የገፉ ነበሩ፣ ብቻቸውን የሚኖሩትም በመካከላቸው ይበዙ ነበር። የድባቴው ጫናም እኩል አልነበረም። በ1999 የ1993ቱ ጥናት ሕሙማንና በኤም-ሃርት ውስጥ የተለመደውን ክትትል ብቻ ካገኙት ሰዎች የተወሰዱት አንድ ላይ ተደምረው 896 ሰዎች ሲታዩ፣ ከ283 ሴቶች 133ቱ፣ ከ613 ወንዶች 157ቱ ቢያንስ መለስተኛ የድባቴ ምልክት ነበረባቸው። ከሴቶቹ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ከወንዶቹ ሩብ ያህሉ ማለት ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ድባቴ ካለባቸው ሴቶች በልብ ሕመም የሞቱት ከመቶ 8.3፣ ከሌለባቸው 2.7 ነበሩ፤ በወንዶቹ 7.0 እና 2.4። አደጋው ለሁለቱም ጾታዎች ተቀራራቢ ነው፤ በአደጋው ውስጥ ያሉት ሴቶች ድርሻ ግን የበዛ ነው። ይህን ያህል ጫና የተሸከመችን አሮጊት በወር አንድ ጊዜ በሚደወል ስልክና በአንድ ሰዓት ጉብኝት ለመርዳት መሞከር፣ ሸክሙንና አቅሙን ያላመጣጠነ ነበር።

በ2001 ሲልቪ ኮሴት ከእነ ፍሬዠር-ስሚዝ ጋር የተጎበኙትን ሰዎች ብቻ ለይታ ተመለከተች። የስሜት ጫናቸው ከፍ ብሎ ቢያንስ ሁለት ጉብኝት ያገኙ 433 ሰዎች ነበሩ። ከሁለቱ ጉብኝቶች በኋላ ነጥባቸው ወደ ጤናማው መጠን የተመለሰው፣ ወይም ቢያንስ በግማሽ የወረደው፣ ዓመቱ ሲያልቅ ከሌሎቹ ያነሰ ድባቴና ጭንቀት ነበራቸው፣ ተመልሰው ሆስፒታል የገቡት ጥቂት ነበሩ፣ የሞቱትም ጥቂት ነበሩ። እርግጥ ነው፣ ቶሎ የቀለላቸው ሰዎች ከመጀመሪያውም ጤናቸው የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ ጉብኝቱ ነው ያዳናቸው ብሎ መማል አይቻልም። ነገር ግን ለሥራ የሚጠቅም ነገር ይነግረናል። ከሁለት ጉብኝት በኋላ ያልቀለለው ሰው ተለይቶ ይታያል። ያ ሰው የሚያስፈልገው ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ አምስተኛ ተመሳሳይ ጉብኝት አይደለም።

በ2002 የታተመው የአምስት ዓመት ክትትል ደግሞ ነገሩን በሌላ በኩል አሳየ። ሰዎቹ በጭንቀታቸው መጠንና ጭንቀትን በሚይዙበት ጠባይ ተከፈሉ። ጭንቀታቸው የበዛ ወንዶች በፕሮግራሙ የተጠቀሙ ይመስላሉ። «እኔ ምንም አልሆንኩም» የሚሉ፣ ጭንቀታቸውን ከራሳቸውም ጭምር የሚሰውሩ ሰዎች ግን ፕሮግራሙ የጎዳቸው ይመስላሉ። ይህ ስሜትን ለሚያክም ሰው ብዙ የሚያሳስብ ነው። አንዳንድ ሰው የልቡን ነገር ረስቶ፣ ወደ ሥራው ተመልሶ፣ በዚያው ተረጋግቶ ይኖራል። በየወሩ «እንቅልፍዎ እንዴት ነው? ሐሳብ በዝቶብዎታል?» ተብሎ ሲጠየቅ በየወሩ በሽተኛ መሆኑ ይታወሰዋል። መሸሸጊያውን እናፈርስበታለን፤ በምትኩ የምንሰጠው ነገር ግን የለንም። እዚህ ላይ አንባቢ «ታዲያ ካልጠየቅነው እንዴት እናውቃለን?» ሊል ይችላል። መጠየቅማ አለበት። ተጠይቆ ደህና ነኝ ያለና በኑሮው ደህና መሆኑ የሚታይ ሰው ግን በየወሩ እየተፈለገ መነካካት የለበትም።

ከዚያ ወዲህ የታየው

ሞንትሪያል ካልቀለለ ድባቴ ጋር ስለቀረች፣ ቀጣዩ ጥያቄ ድባቴው በእርግጥ በሕክምና ቢቀልስ የሚል ሆነ። በ2002 የወጣው የእነ አሌክሳንደር ግላስማን ጥናት ድባቴ ላለባቸው 369 የልብ ሕሙማን ሰርትራሊን የተባለውን የድባቴ መድኃኒት ወይም መድኃኒትነት የሌለው ክኒን ሰጠ፤ ሰርትራሊን የልብን የመርጨት አቅም እንደማይጎዳ፣ ድባቴን በተለይ ከባዱንና ከዚህ ቀደምም የነበረውን እንደሚያቀል አሳየ። ይህ ብዙ ሐኪሞችን ከፍርሃት ያወጣ ሥራ ነው፤ ቀደም ብለው የነበሩት እንደ አሚትሪፕቲሊን ያሉ መድኃኒቶች የልብን የኤሌክትሪክ ሥርዓት ስለሚያዛቡ ለልብ ሕመምተኛ ይፈሩ ነበርና።

በ2003 ኤንሪችድ የተባለው የአሜሪካ ጥናት 2,481 ሰዎችን ይዞ፣ የሠለጠኑ ባለሙያዎች በሚሰጡት የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና ድባቴንና ብቸኝነትን አከመ፤ ለከበደባቸው መድኃኒት ጨመረ። ድባቴው በመጠኑ ቀለለ። ሞትና ዳግም የልብ ሕመም ግን አልቀነሰም፦ ከሁለቱም ሳይደርስባቸው የቆዩት ሕክምናውን ካገኙት ከመቶ 75.8፣ ካላገኙት ከመቶ 75.9 ነበሩ። በ2018 የታተመ የደቡብ ኮሪያ ጥናት ደግሞ ኤሲታሎፕራም የተባለውን የድባቴ መድኃኒት ለ24 ሳምንት የወሰዱ ሰዎች ከስምንት ዓመት ገደማ በኋላ ከባድ የልብ ችግር የደረሰባቸው ከመቶ 40.9፣ ካልወሰዱት ከመቶ 53.6 መሆናቸውን አሳየ፤ ተሳታፊዎቹ 300 ብቻ ስለነበሩ በትልቁ መደገም ያለበት ነው።

ስለ ሴቶቹ ከሆነ ግን ከሁሉ የሚያጽናናው በስዊድን ስቶክሆልም የተደረገው ጥናት ነው። ክሪስቲና ኦርት-ጎሜር የመራችውና በ2009 የታተመው ሥራ የልብ ሕመም የደረሰባቸውን 237 ሴቶች ብቻ ይዟል። በዕጣ የደረሳቸው ከ4 እስከ 8 ሆነው በቡድን እየተቀመጡ በዓመት ውስጥ 20 ጊዜ ተገናኙ፤ እያንዳንዱ ስብሰባ ከሁለት ሰዓት ያላነሰ ነበር። ከሰባት ዓመት ገደማ በኋላ የተለመደውን ክትትል ብቻ ካገኙት 25 ሴቶች ሞተው ነበር፤ ከቡድኑ አባላት 8። ከመቶ 20 እና 7 ማለት ነው። ከሞንትሪያል የሚለዩትን ሁለት ነገሮች ተመልከቱ። አንደኛ፣ የተጀመረው ከሆስፒታል ከወጡ አራት ወር ያህል ቆይቶ፣ የመጀመሪያው ድንጋጤ ሰከን ካለ በኋላ ነው። ሁለተኛ፣ ሴቶቹ የታገዙት ከመሰሎቻቸው ጋር ተቀምጠው ነው፤ ባለሙያ መጥታ ሄዳ ብቻቸውን የሚቀሩ አልነበሩም። ከእነዚህ የትኛው ለውጤቱ ተጠያቂ እንደሆነ ከአንድ ጥናት መናገር ባይቻልም፣ የሞንትሪያሉ ውጤት የሴቶች ዕጣ ፈንታ አለመሆኑን ግን ያሳያል።

በሆስፒታል ውስጥ ምን ይለወጥ

መጠይቁ ይኑር። ፒ.ኤች.ኪው-9 የተባለው ዘጠኝ ጥያቄ ያለው የድባቴ መጠይቅ ከ27 ይታረማል፣ 10ና ከዚያ በላይ ተጨማሪ ምርመራ ይጠይቃል። ለጭንቀቱም ጭምር ከተፈለገ 14 ጥያቄ ያለው የሆስፒታል የጭንቀትና የድባቴ መለኪያ አለ፤ እርሱ ድካምና የመሳሰሉትን አካላዊ ምልክቶች ሆን ብሎ ስለሚተው ለተኛ ሕመምተኛ ይስማማል። በወረቀቱ ላይ ነጥብ ጽፎ ፋይል ውስጥ መክተት ግን ሕክምና አይደለም። በ2019 የወጣ የአሜሪካ ጥናት 1,500 የልብ ሕሙማንን ተከታትሎ፣ ለድባቴ መመርመራቸውና ውጤቱ ለሐኪማቸው መነገሩ፣ ከዚያም አልፎ ድባቴ ለተገኘባቸው ሕክምና መቅረቡ እንኳ፣ የኑሮአቸውን ጥራት እንዳልለወጠ አሳይቷል። ፒ.ኤች.ኪው-9 ላይ ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞት ማሰብና ራስን ስለ መጉዳት ነው፤ እርሱ ላይ «አዎ» ያለ ሰው በዚያው ቀን፣ ከክፍሉ ሳይወጣ፣ ባለሙያ ሊያነጋግረው ይገባል። ድምሩ ትንሽ ቢሆንም እንኳ።

መድኃኒት ሲታዘዝ የልብ ሐኪሙና የአእምሮ ሐኪሙ አንድ ፋይል ይመልከቱ። ሲታሎፕራም የተባለው የድባቴ መድኃኒት በልብ የኤሌክትሪክ ምት ላይ በሚያመጣው ለውጥ ምክንያት መጠኑ በቀን ከ40 ሚሊግራም፣ ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ከ20 እንዳይበልጥ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ወስኗል። ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉትን አስፒሪንና ክሎፒዶግሬል ለሚወስድ ሰው ከሰርትራሊን ጋር የመድማት ዕድሉ ከፍ ስለሚል፣ ጥቁር ሰገራ ወይም ያለ ምክንያት የሚወጣ ደም ሲያይ እንዲናገር ይነገረው። ሕመምተኛው ደግሞ መድኃኒቱ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ሳይሠራ ሊቆይ እንደሚችልና ሲሻለው በራሱ ፈቃድ ድንገት ማቆም እንደሌለበት ከጅምሩ ይወቅ፤ ይህን ሳይነገረው በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ የተወ ብዙ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የመውጫ ወረቀቱ ላይ ሦስት ነገር እንዲጻፍ እፈልጋለሁ፦ የዛሬው ነጥብ፣ ነጥቡ ዳግም የሚለካበት ቀን፣ ያን ቀን የሚለካው ሰው ስም። የደም ግፊት እንዲህ ነው የሚያዘው፤ አንድ ጊዜ ለክቶ «ከፍ ብሏል፣ አይዞህ» ብሎ የሚሸኝ ሐኪም የለም። በሁለተኛው ልኬት ነጥቡ በግማሽ ካልወረደ፣ እየተደረገ ያለው እርዳታ ለዚያ ሰው አልበጀም ማለት ነውና ያንኑ ደጋግሞ መስጠት አይገባም፤ በዚያው ሳምንት ወደ አእምሮ ሐኪም ወይም ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ይተላለፍ።